ዳጉ የሌለው ማሊያ

ሎጊያ ገበያ ውስጥ ቦንዳ ሲፈታ ቆማችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ማሰሪያው ሲቆረጥ ታምቆ የነበረው ልብስ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ከየአቅጣጫው እጅ ይዘረጋል፣ ባለቦንዳው ይጮኻል። ከወጣቶች ኅብረታችን አንዱ ወንድም ባለፈው ዓመት ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ ማሊያ መዝዞ አወጣ። ወፍራም የጥጥ ማሊያ ነው፤ አግድም ሸንተረር አለው፣ ኮሌታው ነጭ፣ ቁልፎቹ ጎማ፣ ጀርባው ላይ 8 ቁጥር ተሰፍቶበታል። ክርኑ አንድ ጊዜ ተቀድዶ ኖሮ በእጅ መርፌ ተሰፍቷል። ልጁ "የድሮ የኳስ ማሊያ" ብሎ ገዛው። ቤቱ ስሄድ ከአልጋው በላይ በሚስማር ሰቅሎት አየሁ። ከጎኑ ሌሎች አሥር ማሊያዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከሳልባጅ የተለቀሙ ናቸው።

"ይሄ የእግር ኳስ አይደለም፤ የራግቢ ነው" አልኩት።

"ራግቢ ምንድን ነው?"

ነገርኩት። እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ በእጅ ተይዛ የምትሮጥበት፣ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል የተከለከለበት፣ ባለኳሱን ወገቡን ይዞ መጣል የተፈቀደበት፣ በአንድ ወገን 15 ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው። የጎማ ቁልፉም ሲተናነቁ ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ደስ አለው። ወዲያው ስልኩን አወጣና "ስንት ያወጣ ይሆን?" አለኝ።

"ማን ለብሶት ነበር?" አልኩት እኔ ደግሞ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ቦንዳ እኮ ነው።"

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች መልስ ናት።

ከመጀመሪያው ግልጽ ልሁን፤ የድሮ የስፖርት ዕቃ መሰብሰብን ልነቅፍ አልተነሣሁም። እንዲያውም ከሚሰበስቡት ወገን ነኝ። ጠቤ ሳይጠይቁ ከሚሰበስቡት ጋር ነው፤ ቀጥሎም ጥያቄውን ራሱን እንደ ከንቱ ነገር ከሚቆጥሩት ጋር።

እዚህ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ የምንኖር ሁሉ ዳጉን እናውቃለን፤ ቢያንስ ስሙን። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ቆመው፣ ጥላ ካለም ተቀምጠው፣ ከወዴት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን አገባ። በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ የሰማም ሰው ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰት ያወራ ይጠየቅበታል። ስልክ ሳይገባ ጀምሮ ወሬ በዚህ በረሃ ላይ ሳይዛባ ሲሮጥ የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው።

እኔ የምለው ዕቃም ዳጉ አለው ነው። ማን ሠራው፣ ማን ለበሰው፣ የት ዋለ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ይህን ማን አየ። ዳጉው የተቋረጠ ዕቃ ጨርቅ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ቆርቆሮ ነው።

ማስረጃዬን ከራሱ ከራግቢ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1905 የኒውዚላንድ ቡድን ብሪታንያን ዞሮ ሲጫወት በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያ ጉዞ የተሸነፈው ያን ቀን ብቻ ነው። ከጨዋታው በኋላ የኒውዚላንዱ አምበል ዴቭ ጋላሐር ማሊያውን አውልቆ ከዌልሱ አምበል ጋር ተለዋወጠ። ጋላሐር በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂግ ውስጥ ወደቀ። ማሊያው ግን ተረፈ፤ በ2015 እዚያው ካርዲፍ ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ በ180,000 ፓውንድ ተሸጠ። እስቲ አስቡት፤ ያ ማሊያ ሎጊያ ላይ ከቦንዳ ቢወጣ ለመኪና መወልወያ ነበር የሚሄደው። ገንዘቡ የተከፈለው "ይህ የእርሱ ነው፣ ያን ቀን ለብሶት ነበር፣ ለእገሌ ሰጠው" የሚለው ቃል ከጨርቁ ጋር አብሮ ስለተጓዘ ነው።

የፊሽካዋ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥብኛል። በዚያው በ1905 እንግሊዝና ኒውዚላንድ ሲጫወቱ ጊል ኢቫንስ የሚባል ዳኛ የነፋት ፊሽካ በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ የራግቢ ፍጻሜ ላይ ዳግመኛ ተነፋች። ከ1987 ወዲህ ደግሞ የራግቢ ዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር የመክፈቻው ጨዋታ በእርሷ ይጀመራል። በቀረው ጊዜ ኒውዚላንድ ውስጥ ፓልመርስተን ኖርዝ በሚባል ከተማ በራግቢ ሙዚየም ትቀመጣለች። ተራ ፊሽካ ናት። ግን ወጥታ ሥራዋን ሠርታ ትመለሳለች፤ ስትነፋም የነፏት ሁሉ ስም አብሮ ይነሣል።

ዳጉ ሲቋረጥ የሚሆነውንም ከዚያው ከራግቢ እንየው። የዓለም ዋንጫቸው በዌብ ኤሊስ ስም የተሰየመ ነው። ዊልያም ዌብ ኤሊስ በ1823 ራግቢ በምትባል ከተማ ተማሪ ሳለ፣ እግር ኳስ ሲጫወቱ ኳሱን በእጁ አንሥቶ ሮጠ፣ ጨዋታውም በዚያ ተጀመረ ይባላል። ይህን ያወጣው ማቲው ብሎክሳም የሚባል የዚያው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ነው፤ የጻፈውም በ1876 ነው። ኤሊስ ከሞተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ብሎክሳም ራሱ በቦታው አልነበረም። በ1895 የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ነገሩን ሲያጣራ "በዓይኔ አየሁ" የሚል አንድ ሰው እንኳ አላገኘም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይጠየቅ ቆይቶ የተጠየቀ ነገር መጨረሻው ይህ ነው። አፋር አገር ቢሆን ኖሮ ብሎክሳም ገና "ሰማሁ" ሲል "ከማን?" ተብሎ በተፋጠጠ ነበር። እንግሊዞቹ ሀብታም ስለሆኑ ጉድለቱን በሌላ መዝገብ፣ በሌላ ሙዚየም ይሸፍኑታል። እኛ ግን በምን እንሸፍናለን?

አሁን ወደ አፋምቦ እንውረድ። ከሰመራ በሎጊያ አድርጎ አሳይታን ያለፈ ሰው እዚያ ይደርሳል። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳያይ በሐይቆች ውስጥ የሚያልቀው በዚያ አካባቢ ነው። ለዚያ ወንድም ራግቢን ሳስረዳ አፌ ላይ ሲመጣብኝ የነበረው የአፋሮች ጨዋታ ነው። ኮዕሶ ይባላል። ኳሱ ከተጠቀለለ የፍየል ቆዳ ይሠራል፤ ሁለት ወገን ይሰለፋል፤ የያዘ ይሮጣል፣ ያልያዘ ሊነጥቅ ያሳድዳል፣ ባለኳሶቹ እንዳይነጠቁ እየተቀባበሉ ያሸሹታል። በእጅ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አሸዋ ላይ።

እንግሊዞቹም ሲጀምሩ ኳሳቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ የአሳማ ፊኛ ተነፍቶ በቆዳ ይሸፈን ነበር። የሚሠሩት ጫማ ሰፊዎች ናቸው፤ ዊልያም ጊልበርትና ሪቻርድ ሊንደን። የሊንደን ሚስት ፊኛውን በአፏ ስትነፋ ኖራ በሳምባ በሽታ ሞተች ይባላል። (ይህም "ይባላል" መሆኑን ልብ በሉ።) ጊልበርት ኳሱን በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ለዕይታ አቀረበ። ጫማ ሰፊ ነው እኮ! የሰፋትን ኳስ ይዞ ንግሥት ቪክቶሪያ የከፈተችው አዳራሽ ገባ። የእነዚህ የሁለት ጫማ ሰፊዎች ስም ዛሬ የራግቢን ነገር በሚያውቅ ሰው ሁሉ አፍ አለ። አፋምቦ ላይ የኮዕሶ ኳስ የጠቀለለን አንድ ሰው ስምስ ከእኛ መካከል ማን ያውቃል? አንድ ስም ጥሩልኝ።

እኔ አልችልም። የማልችልበትንም ምክንያት ልናዘዝ።

በ2010 ዓ.ም. በሥራ ጉዳይ አሳይታ ወርጄ ሳለሁ ከአፋምቦ የመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። እግራቸው አጠገብ ኳስ ተቀምጣለች፤ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ በአንድ ጎኗ የተላጠች፣ ትንሽ የምትሸት። "አባባ፣ ይሸጡልኛል?" አልኳቸው። በአስተርጓሚ ነበር የምንነጋገረው። ሳቁ። "ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ። "ለማስታወሻ" አልኩ። የምን ማስታወሻ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም መልስ አልነበረኝም። 200 ብር ሰጥቼ ወሰድኩ። አስተርጓሚው ሽማግሌው የሚሉትን ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ ስለ አንድ ጨዋታ፣ ስለ ወንድማቸውም መሰለኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ "በኋላ ትነግረኛለህ" አልኩት። ያ በኋላ እስካሁን አልመጣም።

ኳሷ ሰመራ በተከራየሁት ቤት መስኮት ላይ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ምንድን ናት?" ይለኛል፤ "የአፋር ኳስ" እላለሁ። ከዚያ ሌላ የምጨምረው የለኝም። በ2012 ለዕረፍት ቤተሰብ ጋ ሄጄ ስመለስ የለችም። ቤቱን እንድታጸዳልኝ የለመንኳት ልጅ የሸተተ ቆዳ አገኘችና ከቆሻሻው ጋር ጣለችው። ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልቆጣት? ምን እንደሆነች እኔም አላውቃትም ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት አዋሽ ሞላ። አሳይታና አፋምቦ ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደተፈናቀለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውኃው ከጎደለ በኋላ ሽማግሌውን ላፈላልግ ወረድኩ። ስማቸውን አልጠየቅኩም ነበርና "ኳስ የሸጡ ሽማግሌ" እያልኩ ነበር ሰው የማስቆመው። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጡኝ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቁኝ፣ የየትኛው ጎሳ እንደሆኑ ጠየቁኝ። አንዱንም አልመለስኩም። አንድ ወጣት በመጨረሻ "አንተ እኮ ዳጉ የለህም" አለኝ። ቀልዱ ነው፤ ግን እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ ኳሷ የጠፋችው ሰመራ ላይ ከቆሻሻ ጋር ስትወጣ ነው አልልም። የጠፋችው አሳይታ ላይ፣ "በኋላ" ያልኩ ጊዜ ነው። ልጅቷ የጣለችው ቆዳውን ብቻ ነው።

ይህን በወጣቶች ስብሰባ ላይ ስናገር የማከብራቸው አንድ አባት ተነሡ። "ልጆች፣ የናሱን እባብ አትርሱ" አሉን። ሙሴ የሠራው እባብ እስከ ሕዝቅያስ ዘመን ተጠብቆ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዕጣን ይታጠንለት ጀመር፤ ንጉሡም ሰባበረው። ማሊያና ኳስ ግድግዳ ላይ መስቀልም ወደዚያ ይወስዳል ማለታቸው ነው። ለቡድኑ ጨዋታ ሲል ጉባኤ የሚቀር ወጣት ባለበት ጊዜ ይህ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ግን አባባ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ከዮርዳኖስ የወጡት አሥራ ሁለቱ ድንጋዮችስ? ድንጋይም ዕቃ ነው። የተተከሉት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። በድንጋዮቹ ፊት ጥያቄና መልስ አለ። በእባቡ ፊት ጥያቄው ተረሳና ጭሱ ቀረ። ያ ወንድም አልጋው በላይ በሰቀለው ማሊያ የምሰጋው ሰው ቆሞ "የማን ነው?" ሲለው የሚመልሰው ስለሌለው ነው። የአባታችን መድኃኒት አውርዶ መጣል ነው። ቤቴን ያጸዳችው ልጅ ያን መድኃኒት ሞክራዋለች፤ እኔን አላዳነኝም።

የእኩዮቼ ተቃውሞ ግን ይበልጥ አንገብግቦኛል። "ኮዕሶ የአፋሮች ነው፤ እኛ ለሥራ የመጣን ሰዎች ነን፤ ምን አገባን?" አሉኝ። ከደሴ፣ ከሶዶ፣ ከአዲስ አበባ መጥተን የአዋሽን ውኃ ስንጠጣ "የእነርሱ ነው" አላልንም። ሰመራ ላይ አሥር ዓመት ኖሮ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ የአርሰናልን የየዓመቱን አሰላለፍ በቃሉ የሚወጣ ወንድም አለን፤ የግቢው ዘበኛ የሆነው የአፋር ሽማግሌ በልጅነቱ ምን ይጫወት እንደነበር አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ወንድሜ፣ ስሙን የማታውቀው ሰው አገሩን በማታውቀው ሜዳ ላይ ያላበበትን ማሊያ ከራስህ በላይ ስትሰቅል "ምን አገባኝ" አላልክም። አፋምቦ ግን ይርቅሃል።

ይህን ስል የአፋርን ነገር እኛ እንጻፍላቸው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ የሚሻል ጆሮና ቋንቋ ያላቸው የአፋር ወጣቶች ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹም የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው። ከእነርሱ ኋላ ተከትለን ወረቀት እንያዝ ነው የምለው።

"ሁሉም ነገር ይረሳል፤ የጀግኖቻችንስ መች ተያዘ?" የሚልም አለ። እስቲ ጀግኖቻችንን እናንሣ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በባዶ እግሩ። የዓለም ሰብሳቢዎች ለሻምፒዮን ጫማ ምን ያህል እንደሚከፍሉ እናውቃለን፤ ከዚያ ሌሊት የሚሸጥ ጫማ የለም፣ ጫማ አልነበረማ! ሆኖም አፋር በረሃ ውስጥ ያለ የአራተኛ ክፍል ልጅ ታሪኩን ይነግርሃል። ሲሮጥ ያለፈበት የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም ቆሞ እንደነበር፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ እንደተመለሰም ይጨምርልህ ይሆናል። ዕቃው ሳይኖር ዳጉው ብቻውን ስድሳ ዓመት አልፎ ቆሟል። ዳጉው ሳይኖር ብቻውን የቆመ ዕቃ ግን እስቲ አሳዩኝ። የእኔ ኳስ ሁለት ዓመት ነው የቆየችው።

ወይም ጥር 13 ቀን 1954ን እንውሰድ። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደ፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ እኛ ጋ የለም። ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ይሰጥ ስለነበር በ1978 እ.ኤ.አ. የጋና ሆኗል፤ ያም ደንቡ ነው። የቀረን ፎቶግራፉና በዚያን ቀን የነበሩት ሰዎች ናቸው። ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በባዕድ አገር አረፈ። በዚያን ቀን ስታዲየም የገባ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው፤ በየአጥቢያችን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን አባቶች ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ግሪኮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ልንገራችሁ። በ1896 በአቴንስ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ አንዲት ትንሽ የብር ዋንጫ ተሸልሞ ነበር። ቤተሰቡ ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቃት። በ2012 የልጅ ልጁ ለንደን ላይ ለጨረታ አቀረባት፤ 541,250 ፓውንድ አወጣች። የገዛት የግሪክ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ወስዶም አቴንስ ውስጥ ሕዝብ እንዲያያት አደረገ። የልጅ ልጁን መሸጡን አልነቅፍም፤ ስትሸጥም ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቅ ነበርና ተመልሳ አገሯ ገባች። በቁልፍ ብቻ የሚታመን ደግሞ ብራዚሎችን ይጠይቅ። የዡል ሪሜን የወርቅ ዋንጫ በ1983 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ከተቀመጠበት ተሰረቀባቸው፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል፤ "ስንት ያወጣል?" ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ዋጋ የሚመጣው ከታሪክ በኋላ ነው፤ ዋጋው አስቀድሞ ከመጣ ታሪኩ ሊሸጥ ይፈበረካል። የሐሰት ፊርማ ያለባቸው ማሊያዎች በዓለም ገበያ የሞሉት ለዚህ ነው። ኮዕሶን ዛሬ የሚገዛው እንደ እኔ ያለ አላፊ አግዳሚ ነው። ነገ ሀብታም ገዢ ቢመጣ አሳይታ ገበያ ላይ "ከታላቁ ጨዋታ የተረፈ" የሚባል አዲስ ኳስ በየቀኑ ሲጠቀለል ታያላችሁ። እውነተኛው ቃል መያዝ ያለበት ገዢው ሳይደርስ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ኳስ፣ ማሊያ፣ ፊሽካ ያለው ሰው ስታገኙ ቁጭ በሉ። መኪናው ይሂድ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ኳሱን የጠቀለለውን ሰው ስም ጠይቁ። የማን ፍየል ቆዳ ነው? እንዴት ለፋ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ምን ተቀባ? የት ሜዳ ላይ ተጫወቱበት፣ ከማን ጋር፣ ማን ወደቀ፣ ማን አነሣው? ያየውንና የሰማውን ለዩ። በአፋርኛ ቅዱት፤ ስልካችሁ ለዚህ ይበቃል። ቋንቋውን የሚችል ሰው ይጻፈው፣ ለባለቤቱም ይነበብለት፣ የተሳሳተውን ያርም። ፎቶ ከፈቀደ አንሡ። ኳሱን ግን እዚያው ተዉት፤ ከጽሑፉም አንድ ቅጂ ለልጅ ልጁ ስጡ። የጨርቅ ነገር ከሆነ በረኪና አታስነኩት፣ ከፀሐይና ከምስጥ አርቁት፤ በዚህ አገር ሙቀት ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ለባለማሊያው ወንድም ተስፋ አልቆረጥኩም። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ "እስቲ አውርደው" አልኩት። ኮሌታውን ገልብጠን በስልክ መብራት ስናየው፣ በማይለቅ ቀለም የተጻፉ ሁለት የላቲን ፊደላት አገኘን፤ የሰው ስም መነሻ መሆን አለባቸው። ዓመት ሙሉ ከራሱ በላይ ተሰቅለው አላያቸውም ነበር። ሰውየውን እናገኘዋለን አልልም። ያም ሆኖ ደብተር ገዛና በመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ ሎጊያ ገበያ፣ የገዛበት ወር፣ የከፈለው ብር፣ የባለቦንዳው ስም፣ ሁለቱ ፊደላት፣ በእጅ የተሰፋው ክርን። ከሥሩ "ይህን በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ፈረመበት።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ወደ አፋምቦ እንወርዳለን። ሦስት የአፋር ወንድሞች ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረው ፈቃድ አግኝተውልናል፤ የሚመሩንም እነርሱ ናቸው። መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ በር የሚነሣው ሙቀቱ ሳይበረታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ውኃ ያዙ፣ ባርኔጣ ያዙ። ኳስ ልግዛ ብሎ ብር ቋጥሮ የሚመጣ ቤቱ ይቅር፤ ደብተር ያልያዘም አይሳፈርም።